ጠቋሚ መነሻውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግሬ ርእስ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ አሬይና ፖይንተር ስለሚባሉት ሁለት ነገሮች ነው። እኔ አሬይን ድርድር፣ ፖይንተርን ደግሞ ጠቋሚ እያልኩ እናገራለሁ። የታሪክና የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች «ይኸማ የኮምፒዩተር ክፍል ጉዳይ ነው» ብላችሁ ከመቀመጫችሁ እንዳትነሡብኝ እለምናለሁ፤ ነገሩ በመጨረሻ የእያንዳንዳችንን ስም የሚነካ ነውና።

እኛ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ይህን ምዕራፍ እንዴት አድርገን እንደምንማረው የታወቀ ነው። ኮከቢቱ የት እንደምትገባ፣ ቅንፉ የት እንደሚዘጋ እንሸመድዳለን፤ ፈተናው ሲያልፍ የሸመደድነውም አብሮ ያልፋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው ነው። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም፤ ጠቋሚ የድርድሩን መነሻ ያሳያል እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ ስለዚህ መድረሻውን ማወቅና ለሌላው ማሳወቅ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ግዴታ ነው። ይህን አንድ ነገር አጥብቆ የያዘ ሰው የቀረውን በራሱ ሊደርስበት ይችላል።

ከመሠረቱ እንጀምር። የኮምፒዩተር ሜሞሪ በተርታ የተቀመጡ እጅግ ብዙ ትንንሽ ሣጥኖች ማለት ነው። እያንዳንዱ ሣጥን ባይት ይባላል፤ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይይዛል፤ የራሱም ተራ ቁጥር አለው። ይህ ተራ ቁጥር አድራሻ ይባላል። እንግዲህ ጠቋሚ ማለት የሌላ ነገር አድራሻ የተጻፈበት ቦታ ነው። ድርድር ማለት ደግሞ ዓይነታቸው አንድ፣ መጠናቸው እኩል የሆኑ ነገሮች ያለ ክፍተት ተከታትለው የተቀመጡበት ቦታ ነው።

ይህን ለእኛ አገር ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽኒሌ በኩል አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሷል። በአንደኛው ጣቢያ አንድ ረጅም የዕቃ ባቡር ቆሟል እንበል፤ ፉርጎዎቹም ሁሉ ርዝመታቸው እኩል ነው። የመጀመሪያው ፉርጎ የት እንደ ቆመና የአንዱ ፉርጎ ርዝመት ስንት እንደሆነ ካወቅን፣ አምስተኛው ፉርጎ የት እንደሚገኝ ከቦታችን ሳንነሣ በሒሳብ እናውቃለን። ድርድር ማለት ይህ ነው። የግመል ቅፍለት ግን ሌላ ነው። አንዱ ግመል ከሌላው ጋር በገመድ ተያይዞ ስለሚሄድ፣ አምስተኛውን ለማግኘት ከመጀመሪያው ጀምሮ ገመድ በገመድ መከተል ግድ ይሆናል። በትምህርታችን ሊንክድ ሊስት የሚባለው ይህን ይመስላል። በቅፍለቱ መጨረሻ ያለው ግመል ከኋላው ገመድ የለውምና መጨረሻነቱ ይታወቃል። የመጀመሪያውን ፉርጎ በጣቱ የሚያሳየን ሰው ግን ፉርጎዎቹ ስንት እንደሆኑ አልነገረንም። በሜሞሪ ውስጥ ደግሞ ከመጨረሻው ፉርጎ ቀጥሎ ባዶ ሐዲድ የለም፤ የሌላ ሰው ፉርጎ ተጠግቶ ቆሟል። አደጋው ከዚህ ይጀምራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። አንዲት ነጋዴ እናት የግመል ወተት ወደ ጅጅጋ ገበያ እያመጡ ይሸጣሉ እንበል። የሰባት ቀን ሽያጫቸውን በሊትር እንመዝግብላቸው፤ 40፣ 35፣ 52፣ 48፣ 30፣ 61፣ 45። ድምሩ 311 ሊትር ነው። የድርድሩን ስም «ሊትር» እንለዋለን። ኢንት የሚባለው ሙሉ ቁጥር ዛሬ በተለመዱት ኮምፒዩተሮች 4 ባይት ስለሚወስድ፣ ሰባቱ ቁጥሮች በጠቅላላው 28 ባይት ይይዛሉ። የመጀመሪያው አድራሻ 1000 ቢሆን ሁለተኛው 1004፣ ሦስተኛው 1008፣ አራተኛው 1012 እያለ ይሄዳል፤ ሰባተኛው 1024 ላይ ነው።

በፕሮግራም ውስጥ «ሊትር» የሚለውን ስም ብቻውን ስንጽፍ፣ ሲ በአብዛኛው ቦታ ስሙን የመጀመሪያው ዕቃ አድራሻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ይህም 1000 ነው። ሊትር + 3 ብንል ግን 1003 አይሆንም፤ 1012 ይሆናል። ጠቋሚ የሚራመደው በባይት ሳይሆን በዕቃው መጠን ነውና፣ ሦስት እርምጃ ማለት ሦስት ጊዜ አራት ባይት ማለት ነው። በዚያ አድራሻ ያለውን ዕቃ አምጣልኝ ለማለት ኮከብ እናስቀድማለን፤ *(ሊትር + 3) ስንል 48 ይሰጠናል። ሊትር[3] የሚለው አጻጻፍም ከዚህ በምንም አይለይም፤ ያንኑ ነገር አሳጥሮ መጻፊያ ነው። ቆጠራው ከ1 ሳይሆን ከ0 የሚጀምረውም ስለዚህ ነው፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው ቁጥር ተራ ሳይሆን ከመነሻው ያለው ርቀት ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ከመነሻው ያለው ርቀት ደግሞ ባዶ ነው። ከዚህም በላይ፣ በመደመር ጊዜ የቁጥሮቹ ቦታ ቢለዋወጥ ውጤቱ ስለማይለወጥ፣ 3[ሊትር] ብሎ የጻፈ ሰውም 48 ያገኛል። እንዲህ እንድትጽፉ አልመክርም፤ ዳሩ ግን ይህ አጻጻፍ ለምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ምዕራፉ ገብቶታል።

ሊትር + 7 የሚለው አድራሻ 1028 ነው። ይህ ከድርድሩ መጨረሻ ቀጥሎ ያለው ስፍራ ነው። ሲ ይህን አድራሻ እንድንይዘውና እንድናመሳክርበት ይፈቅድልናል፤ በውስጡ ያለውን እንድናነብ ወይም እንድንጽፍበት ግን አይፈቅድም። ስለዚህ በጠቋሚ የሚደምር ሰው ጠቋሚውን ከሊትር ያስነሣዋል፤ የሚያገኘውን ይደምራል፤ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ሊትር + 7 ላይ ሲደርስ ሳይከፍት ይቆማል። ልክ ቶጎ ውጫሌ ደርሶ ከኬላው ሳያልፍ እንደሚቆም መኪና ነው። አልፎ ቢሄድና በ1028 ያለውን ቢያነብ ምን ይሆናል? የሲ ሕግ ስለዚህ ምንም ቃል አይገባም። ፕሮግራሙ ሊወድቅ ይችላል፤ የማይረባ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል፤ ወይም ዛሬ በደኅና አልፎ ነገ ሊያጠፋ ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበት ስፍራ ስለሆነ በጥሞና እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። ድርድሩ በታወጀበት ቦታ ላይ ሆነን፣ መጠኑን በሳይዝኦፍ ብንጠይቅ 28 ይለናል። 28 ለ4 ሲካፈል 7 ነው፤ የዕቃዎቹ ብዛት ተገኘ ማለት ነው። አሁን ግን «ድምር» የሚባል አንድ ፈንክሽን እንጻፍና ድርድሩን እንስጠው። ፈንክሽኑ የሚቀበለው ድርድሩን ሳይሆን የመነሻውን አድራሻ ብቻ ነው። በፈንክሽኑ ውስጥ ሆኖ ያንኑ ሳይዝኦፍ የጠየቀ ሰው መልሱ 8 ይሆንበታል፤ በዛሬዎቹ ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተሮች የአንድ አድራሻ መጠን 8 ባይት ነውና። 8 ለ4 ሲካፈል 2 ነው። ስለዚህ ፈንክሽኑ የሁለት ቀን ሽያጭ ብቻ ይደምራል፤ 40 እና 35፣ 75 ሊትር። የነጋዴዋ የሳምንት ድካም 311 መሆኑ ቀርቶ 75 ሆነ!

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ አልጮኸም፤ ፕሮግራሙም አልወደቀም፤ በትሕትና 75 ብሎ መለሰ። ኮምፓይለሮች በእንዲህ ያለው ቦታ ማስጠንቀቂያ የሚጽፉበት ጊዜ አለ፤ ማስጠንቀቂያውን ቆም ብሎ የሚያነብ ግን ስንታችን ነን? መድኃኒቱ ቀላል ነው። አድራሻውን ስንሰጥ ብዛቱንም አብረን እንስጥ፤ ድምር(ሊትር, 7) ብለን እንጻፍ። አድራሻና ልክ እንደ ሚዛንና ድንጋዩ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ገበያ አይወጣም።

«ታዲያ ሲን የሠሩት ሰዎች ብዛቱን ከድርድሩ ጋር ለምን አልጻፉትም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ የማይቀር ነው። ምክንያት ነበራቸው። ሲን የሠራው ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ቋንቋው መልክ የያዘው በ1972 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ኬን ቶምፕሰን የሠራው ቢ የተባለ ቋንቋ ነበር። በቢ ድርድር ሲታወጅ፣ ከዕቃዎቹ ሌላ የመነሻውን አድራሻ የሚይዝ አንድ ተጨማሪ ሣጥን ይዘጋጅ ነበር። ሪቺ ግን የዩኒክስን የፋይል መዝገብ በቋንቋው ለመግለጽ ፈለገ። በዚያ መዝገብ አንዱ መስመር 2 ባይት ቁጥርና 14 ባይት የፋይል ስም ነው፤ ለተጨማሪ ሣጥን የሚሆን ስፍራ የለውም። ስለዚህ ሪቺ ተጨማሪውን ሣጥን አስቀረው፤ አድራሻው በየትም ሳይጻፍ፣ የድርድሩ ስም በተጠራ ጊዜ ብቻ እንዲገኝ አደረገ። በዚህም ሲ ቀላልና ፈጣን ሆነ፤ ዕቃው በዲስክ ላይ እንደ ተቀመጠ በሜሞሪም ይቀመጣል። የተከፈለው ዋጋ ግን አለ፤ የድርድሩ ልክ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ በየትም አልተጻፈም።

የዚህ ዋጋ ክብደት በ1988 እ.ኤ.አ. ታየ። በጥቅምት ወር (በአውሮፓ ኖቬምበር 2 ቀን) ሮበርት ታፓን ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ አይበልጥም ነበር። ፕሮግራሙ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ጌትስ የተባለው የሲ ፈንክሽን ነው። ጌትስ የሚቀበለው አድራሻ ብቻ ነው፤ ልክ አይቀበልም። የተዘጋጀለት ቦታ 512 ባይት ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ጽሑፍ ተላከበት፤ ትርፉ ፈሶ ፈንክሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ወዴት እንደሚመለስ በተጻፈበት ስፍራ ላይ ተጻፈ። ኮምፒዩተሩም ወደ ቤቱ በመመለስ ፈንታ እንግዳው ወዳዘዘው ሄደ። ጌትስ ከሲ መደበኛ ሕግ የተሰረዘው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። በቦታው የምንጠቀምበት ኤፍጌትስ ከአድራሻው ጋር ልክም ይጠይቃል። እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ጥፋት የተገኘው ትምህርት በአንድ ቁጥር የሚጻፍ ነው።

አሁን መጀመሪያ ወደ ገባሁት ቃል፣ ወደ ስማችን ልመለስ። በሲ ጽሑፍ ማለት የባይቶች ድርድር ነው፤ መጨረሻውም በ0 ይታወቃል። በጅጅጋም ሆነ በቀብሪ በያህ ወይም በሽኒሌ የሰው ስም በሁለት ፊደል ይጻፋል። ሶማልኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ይህም በሞቃዲሾ የታወጀው ሲ መልክ በያዘበት በዚያው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። አማርኛ ደግሞ በግእዝ ፊደል ይጻፋል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በአብዛኛው የምንጽፍበት ዩቲኤፍ-8 የተባለው ዘዴ ለአንድ ተራ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ ለአንድ የግእዝ ፊደል ግን 3 ባይት ይሰጣል።

የከተማችንን ስም እንውሰድ። በሶማልኛ አጻጻፍ 7 የላቲን ፊደል ነው፤ ከመዝጊያው 0 ጋር 8 ባይት ይበቃዋል። በአማርኛ «ጅጅጋ» 3 ፊደል ብቻ ነው፤ በሜሞሪ ግን 225፣ 140፣ 133፤ 225፣ 140፣ 133፤ 225፣ 140፣ 139፤ መጨረሻም 0፤ በጠቅላላው 10 ባይት ይሆናል። የጽሑፍን ርዝመት የሚነግረን ስትርሌን የተባለው ፈንክሽን ለጅጅጋ 3 ሳይሆን 9 ይላል። ፊደል ሳይሆን ባይት ይቆጥራልና። እንደገና ልብ በሉ፤ «ጅ» እና «ጋ» የሚለያዩት በመጨረሻው ባይት ብቻ ነው፤ አንዱ 133፣ ሌላው 139።

እንግዲህ በላቲን ፊደል ብቻ እያሰበ 8 ባይት ቦታ ያዘጋጀ ጸሐፊ ምን ይገጥመዋል? ልክ በማይጠይቀው ስትርሲፒዋይ ቢገለብጥ ሁለት ባይት ከድርድሩ ውጭ ይፈስሳል፤ ይህ የሞሪስ መንገድ ነው። ጠንቀቅ ብሎ 7 ባይት ብቻ ገልብጦ በ0 ቢዘጋው ደግሞ «ጅጅ» ከሚለው ቀጥሎ የ«ጋ» ሲሶ ብቻ ይቀራል። ሲሶ ፊደል የሚባል ነገር ስለሌለ በስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ አራት ማዕዘን ይወጣል። «መሐመድ» የሚለው ስምም በግእዝ 12 ባይት ነው፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ «መሐ» ሆኖ ይቀራል። በትምህርት ምስክር ወረቀት ወይም በሕክምና ካርድ ላይ ስሙ እንዲህ የተቆረጠ ሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ለማስረዳት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ መንከራተቱ አይቀርም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ የሣጥኑን ልክ በራሱ ፊደል ብቻ የለካው ጸሐፊ ነው።

ለዚህም መድኃኒቱ ያው ጠቋሚ ነው። ዩቲኤፍ-8 በጥበብ የተሠራ ዘዴ ነው፤ ከሠሩትም ሰዎች አንዱ ቅድም ስሙን ያነሣሁት ኬን ቶምፕሰን ነው። የአንድ ፊደል ተከታይ ባይቶች ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ናቸው፤ የፊደል መጀመሪያ ግን ከዚህ ክልል ውጭ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ መቁረጥ ግድ ሲሆን፣ ጠቋሚውን ለመቁረጥ ባሰብንበት ባይት ላይ እናቆመዋለን። በዚያ ያለው ቁጥር ከ128 እስከ 191 ከሆነ በፊደል መካከል ነንና፣ የፊደል መጀመሪያ እስክናገኝ አንድ አንድ ባይት ወደ ኋላ እንመልሰዋለን፤ በዚያም 0 እንጽፋለን። ጽሑፉ ቢያጥርም ፊደሉ አይሰበርም። ነገር ግን ቻር የሚባለው ዓይነት በብዙ ኮምፒዩተሮች ከ127 በላይ ያለውን ቁጥር ኔጌቲቭ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ለዚህ ሥራ አንሳይንድ ቻር የተባለውን መጠቀም ይገባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሣጥኑን ከመጀመሪያው በሚበቃ ልክ ማዘጋጀት ነው። የሪቺ 14 ባይት የፋይል ስም እንኳ በእኛ ፊደል ከአራት ሆሄ በላይ አይዝም፤ «ድሬዳዋ» ይገባል፤ «ደገሃቡር» አይገባም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ዛሬ ጃቫና ፓይተን እያሉ በዚህ ሁሉ ምን አደከመን?» ይላሉ። ክርክራቸው መሠረት አለው። በጃቫ ድርድር ልኩን ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚዞር፣ ከመጨረሻው ያለፈ ሰው ወዲያውኑ ይያዛል። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ዋይት ሐውስ ባወጣው ጽሑፍ ሶፍትዌር ሠሪዎች የሜሞሪ ደኅንነት ወዳላቸው ቋንቋዎች እንዲሸጋገሩ መክሯል። እኔም አዲስ ሥራ ሁሉ በሲ ይጻፍ የምል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን በሰፊው የምንጠቀምበት ፓይተን ራሱ በሲ የተጻፈ ነው፤ የሊነክስም እምብርት አብዛኛው ሲ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በፓይተን የሚጽፍ ሰው ስምን ወደ ባይት ለውጦ በሰባተኛው ላይ ቢቆርጠው ፊደሉ ያው ይሰበራል። ቋንቋው ከድርድሩ ውጭ እንዳንወጣ ይጠብቀናል እንጂ ልኩን በምን እንደ ለካን አይጠይቀንም።

ስለዚህ ንግግሬን ከመዝጋቴ በፊት ሦስት ነገር ለማሳሰብ እወዳለሁ። አንደኛ፤ ጠቋሚን ስናጠና በወረቀት ላይ ሣጥን እየሣልን፣ አድራሻውንም ከሥሩ እየጻፍን እናጥና፤ መምህራኖቻችንም በፈተና ከትርጉሙ ይልቅ ሥዕሉን ቢጠይቁን ይጠቅመናል። ሁለተኛ፤ አድራሻ የሚቀበል ፈንክሽን ስንጽፍ ልክንም እንዲቀበል እናድርግ፤ ልኩም በባይት ይሁን በፊደል ወይም በዕቃ ብዛት ግልጽ አድርገን እንጻፍ። ሦስተኛ፤ ፕሮግራማችን ሠራ ከማለታችን በፊት በመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን በራሳችን ስም፣ በሁለቱም ፊደል እንፈትነው።

የመማሪያ መጻሕፍቱን የጻፉ ሰዎች ስለ ጅጅጋ ወይም ስለ ደወሌ አላሰቡም፤ በዚህም አንወቅሳቸውም። ነገ በእነዚህ ከተሞች ለሚሠራው የመዝገብ ፕሮግራም ሣጥኑን የምንለካው ግን እኛ ነን። የሰው ስም ሙሉውን እንዲገባ አድርገን እንለካው።